ጅብሰሙን ላለመብሳት

የባለቤቴ አባት ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሰሚት ወዳለው ቤታችን ሲመጡ የያዙት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ነበር። ሰው ቤት መኖር የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ውሃ ሲጠማቸው እንኳ ማንንም አያዙም፤ ራሳቸው ተነስተው ይቀዳሉ። እኔ ሳሎን ስገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር። «አባባ ኧረ ይቀመጡ፣ የገዛ ቤትዎ እኮ ነው» ስላቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ይሉና የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ተነስ የሚላቸው ሰው እንደሚጠብቁ ዓይነት።

ክረምቱ ሲገባ በረዳቸው። የእኛ ሰፈር ሜዳ ነው፤ ከለገጣፎ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የሚያቆመው ነገር የለም። ሳሎናችን ደግሞ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ በሐምሌ እንደ ማቀዝቀዣ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረን፤ ግን መብራቱ የሚጠፋው ሁልጊዜ ዝናቡ ሲበረታ ነው። እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው እያሹ ይውላሉ። ባለቤቴ «አባዬ በረደህ?» ስትላቸው «ኧረ ምንም አልል፣ ጉልበቴ ነው እንጂ» ይሏታል።

የእንጨት ምድጃው ሐሳብ የእኔ ነው። ስልኬ ላይ ነው ያየሁት፤ ጥቁር የብረት ምድጃ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ መስታወት ያለው በር፣ ከበሩ ኋላ የሚንቀለቀል እሳት። ለአባባ ብዬ ነው ያሰራሁት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ያን እሳት አይቶ «አቤት ቤት!» እንዲለኝ እፈልግ ነበር።

ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ አንድ የብየዳ ባለሙያ እንዳለ ሰው ነግሮኝ ሄድኩ። ሃምሳዎቹን ያለፈ፣ ቃሉን እየመዘነ የሚናገር ሰው ነው። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየና ስለ ምድጃው ምንም ሳይል ስለ ቤቴ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ጣሪያው ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ። ውስጡ የጅብሰም ኮርኒስ ነው።»

«እንግዲህ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ኮርኒሱንም ቆርቆሮውንም እንበሳለን። ጫፉ ከጣሪያው በላይ ብቅ ማለት አለበት። በጎን ላውጣው ብትል ነፋስ ይመልስብሃል።» መሬት ላይ የወደቀ ካርቶን አነሳና በጠመኔ ሳለልኝ። ቱቦውና ጅብሰሙ እንዳይነካኩ ዙሪያውን ላሜራ እንደሚያለብሰው፣ ምድጃው ከሶፋና ከመጋረጃ ራቅ ብሎ በድንጋይ ንጣፍ ላይ መቀመጥ እንዳለበት፣ እርጥብ እንጨት እንዳላነድ ነገረኝ። «መስኮት ደግሞ» አለ ጠመኔውን ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «እሳት ባለበት ሰዓት ሁሉ ትንሽ ክፍት ይሁን። እሳቱም አየር ይፈልጋል፣ ሰውም አየር ይፈልጋል።»

«እሺ» አልኩት።

«እኔ ራሴ መጥቼ ነው የምገጥመው። ሳልገጥም ሰጥቼ አላውቅም።»

«አይ፣ አትቸገር። የሚገጥምልኝ ባለሙያ አለኝ።»

ማንም አልነበረኝም። ሰውየው ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ ካርቶኑን አጥፎ ሰጠኝ። «ለባለሙያህ አሳየው» አለኝ።

የዋሸሁት ለጅብሰሙ ብዬ ነው። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ሳሎናችንን ጅብሰም ያሰራነው ባለፈው በጋ ነበር፤ መሀሉ ላይ አበባ አለው፣ ጠርዙ ላይ መብራት ተቀብሮበታል። ያንን በስቶ ጥቁር ቱቦ ማሳለፍ አልዋጥልህ አለኝ። ምድጃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንድ እሁድ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከሳሎኑ መስኮት አንዱን መስታወት አወጣሁ፣ በምትኩ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ገጠምኩ፣ ቱቦውን አጥፌ በዚያ በኩል ወደ ውጭ አወጣሁት። ጫፉ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀረ። ለምድጃው መቀመጫ ሁለት የተረፉ ሴራሚኮች አነጠፍኩ።

ባለቤቴ ተመልሳ ስታይ «በጣሪያ ነው የሚወጣው ስትል አልነበር እንዴ?» አለችኝ።

«በመስኮትም ይሆናል። ሰውየው ራሱ ነው ያለኝ።»

እንዲህ ብዬ፣ ምንም ያላደረገኝን ሰው በውሸቴ ውስጥ ከተትኩት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። አባባ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው እሳቱን ያዩ ነበር። ካፖርታቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሶፋውን ጀርባ ተደግፈው ሲቀመጡ አየኋቸው፤ ባለቤቴም አየች፣ እጄን ያዝ አደረገችኝ። ስለ ድሮ መንገዶች ማውራት ጀመሩ፤ ጭጋግ ውስጥ ረዳታቸው ከፊት በእግሩ እየሄደ መኪናቸውን ስለመራበት ስለ ታርማ በር፣ መኪና ተበላሽቶባቸው ሦስት ቀን ስላደሩበት የአፋር በረሃ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ጠዋት ደህና ሆነው ይነሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግንባራቸውን ይይዛሉ። ባለቤቴ የደም ግፊታቸውን አስለካች፤ ደህና ነው ተባለ። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ሆነን ሳለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይሄ ጭስ ትንሽ የሚመለስ አይመስልህም?»

«እንጨቱ እርጥበት ኖሮት ነው አባባ። ሲደርቅ ይተዋል።»

«እሱስ ይሆናል። እንዲያው ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ በር የመዝጋት ያህል ሲሆንብኝ ነው።» ብለው ሳቁ፤ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል ነበር ሳቃቸው። «አይ፣ አንተ ታውቃለህ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተር ጋር የኖሩ ሰው «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱትም። አማች ቤት የሚኖር ሰው አንዴ ይናገራል፣ ሁለተኛ አይናገርም። ይህን አውቅ ነበር፤ ተመችቶኝ ነው የተጠቀምኩበት።

ያ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ባለቤቴ አያት ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። በመስኮቱ በኩል የሚገባው ብርድ ሙቀቱን ስለበላው፣ ጥቂት ከፍቼ የተውኩትን መስኮት ገጥሜ ዘጋሁት። በቆርቆሮውና በፍሬሙ መሀል ባለው ክፍተት ደግሞ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጥኩትን ስፖንጅ ጠቅጥቄ በፕላስተር ለጠፍኩበት። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ጨርሼ ዞር ስል «አሁን አይነፍስብዎትም» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ምድጃውን በፍልጥ ሞላሁትና ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ካፌው ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ያገኘሁት ጓደኛዬ በጨዋታ ይዞኝ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ስመለስ ነፋሱ በርትቶ ነበር። አባባ ሶፋው ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። ፊታቸው ቀላ ብሎ ነበር፤ የእሳቱ ሙቀት ነው አልኩ። ጋቢያቸውን ከክፍላቸው አምጥቼ አለበስኳቸው፣ እንዳልቀሰቅሳቸው በእግሬ ጣት እየሄድኩ ምድጃው ውስጥ አንድ ፍልጥ ጨመርኩ። ከዚያም ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ስልኬን ማየት ጀመርኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ራሴን ከበደኝ። ዓይኔ ስልኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ አይገባኝም። ያኔ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ገባች።

«ምንድን ነው ይሄ አየር? አባዬ!» አለች። አልመለሱም። ትከሻቸውን ነቀነቀቻቸው፤ ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ወደቀ። «አባዬ! አባዬ!» ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በብብታቸው ይዛ ወደ በረንዳው መጎተት ጀመረች። እኔ እንደምንም ደርሼ እግራቸውን ያዝኩ። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ሲወርድ አቃሰቱ፤ ከዚያ አስመለሳቸው። ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ መጣች፣ በእሷ መኪና ሄድን።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ኮሪደሩ ላይ አቁማ አነጋገረችን። «የሚገለው የምታዩት ጭስ አይደለም» አለች። «አብሮት የሚወጣው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ሰውዬው ሲደክመው እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።» እኔ ጋቢውን አስታወስኩ። ፍልጡን አስታወስኩ። እኔንም መረመሩኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ጭምብሉን አጠለቁልኝ፤ ወዲያው ተሻለኝ። ያ ራሱ አሳፈረኝ።

ልብስና መድኃኒታቸውን ላመጣ ወደ ቤት የተመለስኩት እኔ ነኝ። ሳሎን ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩትን ልናገር። ፕላስተሩን ላጥኩት፣ ስፖንጁን አወጣሁት፣ በፌስታል ቋጥሬ ከግቢው ውጭ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት።  ልብሳቸውን የሰበሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አባባ ነቅተው መናገር ሲችሉ ሐኪሟ እኛ ባለንበት ጠየቀቻቸው። «አባት፣ እሳቱ ሲነድ መስኮት ክፍት ነበር?»

እኔን አዩኝ። ረጅም አልነበረም አስተያየታቸው። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሩ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። «በረደኝ።»

ባለቤቴ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «አባዬ ለምን? ትንሽ ክፍት ይሁን ብለንህ አልነበር? ልትሞትብኝ እኮ ነበር!» እያለች አለቀሰች፣ ተቆጣቻቸው። እሳቸው እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው «አጠፋሁ ልጄ፣ አጠፋሁ» ይላሉ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። አፌን ብከፍት ያልቅ ነበር። አልከፈትኩም።

ባለቤቴ ግን በዚያ አላበቃችም። በሦስተኛው ቀን ወሎ ሰፈር ሄዳ ኖሯል። ማታ ራት ላይ ነገረችኝ። የብየዳ ባለሙያው ላይ ደንበኞቹ ፊት ጮኸችበት፤ «ሰው የሚገል ዕቃ እየሠራህ ትሸጣለህ» አለችው።

«ምን አለሽ?»

«በጣሪያ ነው የሚወጣው ብዬ ነግሬዋለሁ፣ ሥዕልም ሰጥቼዋለሁ ይላል። ውሸቱን ነው አይደል? በመስኮት ይሆናል ብሎህ አልነበር?»

«አላስታውስም» አልኳት።

«እንዴት አታስታውስም?»

«ብዙ ነገር ነው ያወራው። አላስታውስም።»

አየችኝ፤ ከዚያ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ካርቶኑ በዚያች ሰዓት መኪናዬ ኪስ ውስጥ ነበር።

አባባ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሳሎን መቀመጥ ተዉ። ምድጃውን አጥፍተነዋል፤ ብርዱ ተመልሷል። ክፍላቸው ውስጥ ካፖርታቸውን ለብሰው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። የግራ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ሲይዙ በቀኙ ይደግፉታል። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ «አዳማ የወንድሜ ልጅ አለ» አሉ። «እዚያ ይሞቃል። ለእናንተም ሸክም አልሆንም። በኔ አጉል ሥራ ስንት ተጨነቃችሁ።»

ባለቤቴ ቁርሷን ትታ ተነሳች። ወደ ሥራ ስንሄድ መኪና ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። «ስለተቆጣሁት ነው የሚሄደው» አለች። «አባቴን ተቆጥቼ አባረርኩት።»

መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ነበር። ከፊታችን የሚኒባስ ረዳት እየጮኸ ሰው ይጠራል። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«አባትሽ አይደሉም የዘጉት» አልኳት። «እኔ ነኝ። ስፖንጅ ጠቅጥቄ በፕላስተር አሸግኩት። ስፖንጁን የጣልኩት አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ ነው። የብየዳው ሰውዬም እውነቱን ነው፤ ሁሉንም ነግሮኝ ነበር። እገጥምልሃለሁ ሲለኝ ባለሙያ አለኝ ብዬ ዋሸሁት።» ካርቶኑን ከመኪናው ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት።

ካርቶኑን ዘርግታ ሥዕሉን አየችው። «ለምን?» አለች።

«ጅብሰሙ እንዳይበሳ ብዬ።»

እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲነገር ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች፣ ከዚያ «ዛሬውኑ ለአባቴ ትነግረዋለህ። እኔ ባለሁበት አይደለም፤ ብቻህን» አለችኝ። ቢሮዋ በር ላይ ስትወርድ «ቻው» አላለችኝም።

ያን ቀን ፈቃድ ጠይቄ ተመለስኩ። አባባ ሻንጣቸውን አልጋው ላይ ከፍተው ሸሚዝ እያጠፉ ነበር። እግራቸው ሥር በጉልበቴ ልንበረከክ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ፤ አልጋው ላይ ከሻንጣው አጠገብ አስቀመጡኝ።

«አባባ፣ መስኮቱን ስዘጋ እያዩኝ ነበር።»

«አየሁህ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ…»

ሸሚዙን ማጠፋቸውን አልተዉም። «ልጄ እንዴት እንደምታለቅስ አላየህም?» አሉኝ። «በዚያች ሰዓት ያንተ ጥፋት ነው ብላት እድሜ ልኳን ቂም ትይዝብሃለች። እኔ ዛሬ አለሁ ነገ የለሁም። እሷ የምትኖረው ካንተ ጋር ነው።»

«እርስዎን ተቆጣችዎት እኮ።»

«ልጄ አይደለች እንዴ? ትቆጣኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ጠነከረ። «የከፋኝ እሱ አይደለም። ጭሱ ይመለሳል ስልህ አልሰማኸኝም። አርባ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። ቤትህ ስለተቀመጥኩ ነው ያልሰማኸኝ።»

 ይቅርታ አልኳቸው፤ «ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። ሻንጣውን ዘጉት፤ ግን ከአልጋው ሥር መለሱት። አዳማ ስለመሄድ ደግመው አላነሱም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ወሎ ሰፈር የሄድኩት በማግስቱ ነው። ሰውየው ሲያየኝ የብየዳ መነጽሩን አወረደ። ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ያላለቁ ምድጃዎች በሸራ ተሸፍነዋል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠራተኞቹ እየሰሙ፣ ባለቤቴ በጮኸችበት ቦታ ላይ ቆሜ።

«አባትየው እንዴት ናቸው?» አለኝ መጀመሪያ።

«ደህና ናቸው። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃ መሥራት አቁሜያለሁ» አለ ወደ ሸራው እያየ። «ነግሬዋለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ምናልባት በደንብ አልነገርኩት ይሆናል እላለሁ። ለምን ራሴ ሄጄ አልገጠምኩም እላለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«በደንብ ነግረኸኝ ነበር።»

«ያን ዕለት ለባለቤትህ ልትነግራት ይገባ ነበር» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ መጣ። ጅብሰሙን በመጋዝ ሲቆርጠው ነጭ አቧራ ሳሎኑን ሞላው። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ አወጣ፣ ዙሪያውን በላሜራ አለበሰ፣ ከሥሩ ወፍራም የድንጋይ ንጣፍ አነጠፈ፣ የመስኮቱን መስታወት መለሰ። እሳት ለኩሶ ጢሱ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት አባባን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። ሁለቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ስለ ነፋስ አቅጣጫ ሲከራከሩ እኔ ከበረንዳው አያቸው ነበር። ሲሄድ ባለቤቴ በር ድረስ ሸኘችው፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ እሱ ግን ደጋግሞ «ኧረ ግዴለም፣ ግዴለም» ይላት ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። አባባ አሁን ራስ ምታት የለባቸውም። ግን ይረሳሉ። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልግዛ ብለው ወጥተው፣ ሁልጊዜ የሚሄዱበት ሱቅ መንገዱ ጠፍቷቸው የጎረቤታችን ልጅ ይዛቸው መጣች። አርባ ዓመት የነዱበትን መንገድ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ ከጋዙ ይሁን ከዕድሜ ማወቅ አይቻልም አለን።

ከሐኪሙ ስንወጣ ባለቤቴ አባቷን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላ እጇ ይዛን ነበር። መኪናው ውስጥ ሲገቡ አባባ «ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ። «ወደ ቤት አባዬ» አለቻቸው። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁ። በዚያን ጊዜ «ወደ ቤትዎ አባባ» ብዬ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ።